አልከፈት ያለው ዲስክ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከቀኑ 9 ሰዓት

አሁንም አይታይም። ሰካሁት፣ ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት። ሰማያዊዋ መብራት ብልጭ ትላለች፤ ከሆዱ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ከዚያ ዝም። ስክሪኑ ላይ ምንም የለም። ኮምፒውተሩን የሚያሠራው ሊኑክስ ዲስክ መሰካቱንም የሰማ አይመስልም።

ደብተሬ፣ ሁለት ወር ሙሉ ጥዬሽ ነበር። የምጽፈው ስላልነበረኝ ነው። አሁን የምጽፈው አለ፣ የምነግረው ሰው የለም። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

አባባ እኔ ቤት ናቸው። መካነ ሰላም ከገቡ ዛሬ አሥራ ሦስት ቀን። የገጠራችን ማርያም ዕቃ ቤት ቁልፍ ከእጃቸው ተወስዷል፤ ከአገልግሎት ታግደዋል። ምክንያቱ፦ አዲሱ ሰበካ ጉባኤ ንብረት ሲቆጥር የብራናው ወንጌል ጠፍቶ ተገኘ። በግምጃ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ነው። በዓመት አንድ ቀን ከነግምጃው ይወጣል፣ ሕዝቡ ይሳለመዋል፣ ይገባል። ማንም አይፈታውም። ዘንድሮ ፈቱት። ውስጡ ያለው የማተሚያ ቤት መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ያውም ሽፋኑ የተገነጠለ።

ቁልፉን ስምንት ዓመት የያዙት አባባ ናቸው። ከእርሳቸው በፊት የኔታ ክንፈ ነበሩ፤ የአባባ መምህር፣ ዕድሜ ልካቸውን በዚያው ደብር ያስተማሩ። አርፈዋል። ሰው እስከ ዛሬ መቃብራቸውን ሳይሳለም አያልፍም። እንግዲህ ጣት ወደ ማን እንደሚቀሰር አትጠይቂኝ።

ዲስኩ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። የኔታ ሊያርፉ ዓመት ሲቀራቸው ከዩኒቨርሲቲ ሰዎች መጥተው የደብሩን መጻሕፍት ሁሉ ፎቶ አንስተዋል። ቅጂውን በዚህ ሃርድ ዲስክ አድርገው ለደብሩ ትተው ሄዱ። ከሣጥን ወጥቶ አያውቅም። አሁን ሰ/ጉባኤው የሚለው ይህን ነው፦ ወንጌሉ ፎቶው ውስጥ ካለ በየኔታ ዘመን ነበረ ማለት ነው፤ ያጠፋው መሪጌታ አስናቀ፣ አባባ፣ ነው። ነገሩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል።

ቀጠሮው እሑድ ኅዳር 21፣ ከቅዳሴ በኋላ።

ለምን ለእኔ ሰጡኝ? የአቃስታው መንገድ ስለተዘጋ ደሴ መላክ አይቻልም። ኔትወርክ የለም። ከተማው ውስጥ የኮምፒውተር ሰው የምባለው እኔ ነኝ፤ የት/ቤቱ የኮምፒውተር ላብ ባለሙያ። የተከሳሹ ልጅ። ይህን የሰ/ጉባኤው ምክትል ሊቀመንበር አቶ ይመር አልዘነጉትም። ስለዚህ ምስክር አቆሙብኝ፦ የፊዚክስ መምህራችን ከድር። እስላም ነው፣ ለማንም አያደላም ብለው። ከድር ከሌለ ዲስኩን መንካት አልችልም። ዛሬ ከጎኔ ቁጭ ብሎ ፈተና ሲያርም ዋለ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። 5 ሰዓት

ከድር የራሱን ላፕቶፕና የራሱን ኬብል አመጣ። የእሱ ዊንዶውስ ነው። ሰካነው። ታየ! ለካ ዲስኩ ሳይሆን ኬብሉ ነው የሞተው። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ወዲያው መስኮት ብቅ አለ፦ ይህ ዲስክ ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት መደረግ አለበት፤ ይደረግ? ከድር ማውሱን ይዞ ሊጫን። እጁን በእጄ ያዝኩት። ፎርማት ማለት ማጥፋት ነው አልኩት። እጁን እንደ እሳት ሳበው። ለተወሰነ ጊዜ ሁለታችንም ማውሱን አልነካነውም።

ኋላ ሳስበው ግን መልካም ወሬ ነው። ዊንዶውስ ያላወቀው በሌላ አሠራር ስለተዘጋጀ ይሆናል። ሰዎቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር ማለት ነው። የእኔ ላብ ሁሉም ሊኑክስ ነው።

በከድር ኬብል ላቡ ላይ ሰካሁት። አሁን ይታያል። ስሙም መጠኑም ተጽፏል። ግን መታየትና መከፈት ለየቅል ነው። ማውንት ካልተደረገ ውስጡ አይነበብም፤ በሩ የት እንዳለ አወቅን እንጂ አልተከፈተም። ደወል ተደወለ። 9ኛ ሐ ገባ። ነገ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። ከቀኑ 8 ሰዓት

ኮምፒውተሩን ማውንት አድርግ፣ ክፈት አልኩት። መልሱን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፦ የፋይል ሥርዓቱ ዓይነት ስሕተት ነው፣ ወይም ትእዛዙ ስሕተት ነው፣ ወይም ሱፐርብሎኩ ተበላሽቷል፣ ወይም ሌላ ስሕተት አለ።

ወይም ሌላ ስሕተት አለ! ይሄም ሰ/ጉባኤ ሆነብኝ። ጥፋቱን ሳያውቅ ከስሷል።

በኢንተርኔት ቢሆን የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አንድ ሰው አንድ ቦታ ይህንኑ ጠይቆ አንድ ሌላ ሰው መልሶለታል። ይኼን ያህል አውቃለሁ፤ መልሱን አላውቅም። ስልኬ ኔትወርክ የለም እንዳለ ነው። ከተማዋ ራሷ ማውንት አልተደረገችም። እኛ አለን፣ እንታያለን፣ የሚከፍተን የለም።

መብራት ሄደ። ይብቃኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል። ከቀኑ 10 ሰዓት

አባባን ይዤ ቤ/ክ ሄድኩ። ማስቀደስ አልተከለከሉም፤ ማገልገል እንጂ። መቅደስ ውስጥ አርባ ዓመት የቆመ ሰው ከቅጥሩ ጥግ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ከምእመናን ሁሉ ኋላ ቆሙ። የሚያውቋቸው ቀሳውስት ሲያልፉ መሬት መሬት ያያሉ። ማኅሌቱ ሲጀምር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ አያወጡም። ማየት አልቻልኩም። ወደ ሴቶቹ ሄድኩ።

ስንመለስ ስለ ዲስኩ ጠየቁኝ። በአሥራ ሰባት ቀን ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ተበላሽቷል ወይ አሉኝ። ሳይሆን አይቀርም፣ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም አልኳቸው። ማርያምን፣ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ልንገርሽ? የከፋው ሰው ፊት አልነበረም። ቀለል አላቸው። ከተበላሸ እንግዲህ ተዪው፣ ዓይንሽን አትጨርሺ አሉኝ።

የተከሰሰ ሰው ማስረጃው ባይከፈት ለምን ይቀለዋል?

ከጠዋት ጀምሮ ይህቺን ጥያቄ እየተሸከምኩ ነው። የትም ላስቀምጣት አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። 9 ሰዓት

ት/ቤት ዝግ ነው። ዘበኛው ከድርን ስላመነ ከፈተልን።

ያሰብኩት ይህ ነው፦ ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ነው፤ ዛሬ ወይ ነገ ጨርሶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ እሱ ላይ መሞከሬን ትቼ መጀመሪያ ያለውን ሁሉ እንዳለ ወደ ላቡ ትልቁ ኮምፒውተር ልገልብጠው። ቀጥሎ የፈለግኩትን ሙከራ ግልባጩ ላይ። ብሳሳት የማበላሸው ግልባጩን ነው።

2 ሰዓት ተኩል ላይ ጀመርኩ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ይወጣል። ከድር ምሳ ላምጣ ብሎ ወጣ። 6 ሰዓት ሲሆን መብራት ጥፍት። ላቡ ጨለመ። የኮምፒውተሮቹ ድምፅ ሲቆም ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ተሰማኝ። አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። አልመጣም።

ከድር ዳቦና ሻይ ይዞ መጣ። አብሽሪ፣ አይዞሽ አለኝ። አብሽሬያለሁ አልኩት። ውሸቴን ነው።

እቤት ስገባ አባባ ደጅ ላይ ተቀምጠው አሮጌ ነጠላ ጫማዬን ይሰፋሉ። ተከፈተ ወይ አላሉኝም። እኔም አልነገርኳቸው።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ከቀኑ 10 ሰዓት

የነቢያት ጾም ገባ። መብራትም አለ!

ግልበጣውን ካቆመበት አስቀጠልኩት። ማስቀጠል እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ኮምፒውተሩ ውስጥ የትእዛዞቹ መመሪያ አለ፤ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ስንት ዓመት አጠገቤ ተቀምጦ ገልጬው አላውቅም። በክፍል መሃል እየሮጥኩ አየዋለሁ። ልጆቹ ቲቸር ምን ሆነሽ ነው ይላሉ።

9 ሰዓት ላይ አለቀ። መጀመሪያው አካባቢ ያለው ጥቂት ቦታ ጨርሶ አልተነበበም፤ ባዶ ሆኖ ተላለፈ። ቀሪው ደህና። ዲስኩን ነቅዬ በመጣበት ፌስታል ጠቀለልኩት። ከድር ፈረመበት። እኔም ፈረምኩ። ከአሁን ወዲያ ሥራዬ ከግልባጩ ጋር ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። 9 ሰዓት

ቀኑን ሙሉ መመሪያ ሳነብ። አሁን የገባኝን ልጻፍ፣ ነገ እንዳይጠፋኝ።

ሱፐርብሎክ የዲስኩ ዋና መዝገብ ነው፤ ምን የት እንዳለ የሚናገር። መጀመሪያው ላይ ይቀመጣል። የእኛው የተበላሸው እሱ ነው። ቀሪው ንብረት በሙሉ ቦታው ላይ አለ፤ መዝገቡ ስለጠፋ ብቻ እንደሌለ ይቆጠራል። ግን የመዝገቡ ቅጂ ሌላም ሌላም ቦታ ተቀብሯል! ያዘጋጁት ሰዎች እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ ያውቁ ነበር።

ቅጂው የት የት እንዳለ የሚናገር ትእዛዝ አለ። ችግሩ ይኸው ትእዛዝ ዲስክን ጠርጎ አዲስ የሚያደርገውም ነው። ልዩነቱ አንዲት ፊደል። ፊደሏ ካለች ቦታውን ይነግርሻል፤ ከረሳሻት ሁሉንም ይጠርገዋል። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። ግልባጭ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ዲስኩ ቢሞትስ? ይህ ብቻ ቢሆን የቀረኝ?

ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ፊደሏን ብረሳትስ? ስሕተት ነው እላለሁ። ማን ያውቃል? አባባ ቀለል ይላቸዋል።

እጄ ቁልፉ ላይ እያለ ይህን አሰብኩ። ከድር ቀና ብሎ አየኝ። ዘጋሁትና ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። 8 ሰዓት

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም።

እቤት ነኝ። ጠየቅኳቸው። ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ አባባ፣ ወንጌሉን ያወጡት እርስዎ ነዎት ወይ አልኩ። እድሜዬን በሙሉ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

አልተቆጡም። ዳዊታቸውን ዘጉ። ዲስኩን ለባለቤቱ መልሺ፣ አልሆነም በይ አሉኝ። የጠየቅኩት እሱን አይደለም አልኩ። ልጄ፣ አንዳንድ ነገር የተጠቀለለ እንደሆነ ይሳለሙታል እንጂ አይፈቱትም አሉና ወጡ። ከበሩ ውጭ የሚሄዱበት የለም። አጥሩን ዞረው መጡ። መጥተው ተቀመጡ። እኔም አልተነሳሁም።

አይደለሁም አላሉም ደብተሬ። አንድ ቃል እኮ ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። 6 ሰዓት ከሩብ

ተከፈተ።

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴን ይቅር በይ። ፊደሏን አልረሳሁም። የቅጂዎቹ ቦታ በቁጥር ተዘረዘረ፤ የመጀመሪያው 32768። ይህን ሰጠሁት፤ እምቢ አለ። ሁለተኛውን ሰጠሁት፤ እምቢ። ከዚያ መመሪያው ግርጌ አንዲት መስመር አገኘሁ፤ ማውንት የሚቆጥረው በሌላ መለኪያ ስለሆነ ቁጥሩ በአራት ይባዛል ትላለች። ጠዋቱን ሙሉ ያሰረኝ ይህቺ! 131072 ብዬ ጻፍኩ። ይነበብ እንጂ አይጻፍበት ብዬ ጨመርኩ። ምንም መልስ አልመጣም። በሊኑክስ ምንም ካላለ ተሳክቷል ማለት ነው።

ፎልደሮቹ ወጡ። ስንክሳር። ገድል። ድጓ። ቅጠል በቅጠል ፎቶ ተነስተዋል፤ ዳር ዳሩ ላይ የየኔታ ጣት ይታያል፣ ገጽ ሲይዙ። ከድር ከኋላዬ ቆሞ ሱብሐነላህ ይላል።

ወንጌል የሚል ፎልደር ውስጥ አንድ ፎቶ ብቻ። ግምጃው እንደተጠቀለለ፣ የየኔታ እጅ ላዩ ላይ። አልተፈታም።

ከፎቶው አጠገብ አንድ የድምፅ ፋይል። ከፈትኩት።

10 ሰዓት

ላቡ ባዶ ነው። ከድር ሶላት ሊሰግድ ወጣ። የሰማሁትን እንደሰማሁት ልጻፈው።

አንድ ወጣት መጀመሪያ ወንጌሉን ቢፈቱልን ብሎ ይጠይቃል። ሳል። ከዚያ የኔታ፦

«ይሄ ይሰማል? ይስማ። አታጥፋው። ወንጌሉ የለም። በሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን እኔ ነኝ ያወጣሁት። ተማሪዎቼ ከደጄ ሊረግፉብኝ ነበር። በቅሎ ጭኖ ለመጣ ነጋዴ ሰጠሁና በገብስና በሽንብራ ለወጥኩት። አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ።»

ስማቸውን ይጠራሉ። አንድ በአንድ፣ ከነአባታቸው። ሰባተኛው አስናቀ ነው።

«ለእሱ ብቻ ነግሬዋለሁ። ከእኔ በኋላ ቁልፉን የሚይዘው እሱ ነው፤ ዝም በል ብዬም ቃል አስገብቼዋለሁ። አሁን ሳስበው በደልኩት። የመጣ ቢመጣ አይናገርም፤ አውቀዋለሁ። እኔ ካለፍኩ ይህ ለሕዝቡ ይሰማልኝ።»

ለሕዝቡ ይሰማልኝ ብለው ነበር። ሰዎቹ ዲስኩን ሰጥተው ሄዱ። ማንም አልከፈተውም። የኔታ እዚያ ሣጥን ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሲናገሩ ኖረዋል።

ጠርጥሬያቸዋለሁ። አባባን።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። ረፋድ

ትናንት ማታ ነገርኳቸው። ሁሉንም ሰማሁ፣ የኔታ ራሳቸው ተናግረዋል አልኩ። ይደሰታሉ ብዬ ነበር። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

አጥፊው አሉኝ።

ንጹሕ መሆንዎ ነው እኮ የተነገረው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በሕይወቴ የማልረሳውን ተናገሩ፦

«ወንጌሉን የበላሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ነበርን፤ አሥራ አንዳችንም ከዚያ ክፉ ቀን ወጣን። ሌባ ሲሉኝ ምኑ ላይ ነው የተሳሳቱት?»

የኔታ ግን ለሕዝቡ ይሰማ ብለዋል፣ በደልኩት ብለዋል፣ ይምጡና ይስሙት አልኩ። አልሰማም አሉ። ያኔ ታመው ነበር፤ የታመመ ሰው ቃል የጤነኛውን ቃል አይሽርም አሉ። በጤናቸው ያስገቡኝን ቃል ነው የማውቀው። መቃብራቸው ላይ ሰው እንዲተፋ አታድርጊ። አባትሽ ከሆንኩ አጥፊው።

አባትሽ ከሆንኩ።

ከድርን ዛሬ ለመንኩት። ለማንም እንዳይናገር። አሰበበት፣ ብዙ አሰበበት። ሳልጠየቅ አልናገርም አለኝ። ከተጠየቅኩ ግን አልዋሽም፤ የተሰጠኝ አማና ነው፣ አደራ። ሊያስቀይመኝ ፈልጎ አይደለም። እኔም እሱን ብሆን ይህንኑ ነው የምለው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። 8 ሰዓት

አቶ ይመር ለገበያ መጥተው በዚያው ብቅ አሉ። ደጁ ላይ ቆመው፣ አባባ ውስጥ እየሰሙ፣ እህሳ ልጄ፣ ተከፈተ ወይ አሉኝ።

አልተከፈተም አልኩ።

ደህና ሰው ናቸው። አዘኑ። እኔ ለአባትሽ ክፉ አስቤ አይደለም፤ ሕዝቡ ፍርድ ይፈልጋል አሉ። ነገ ካልተከፈተ በሰው ምስክር እንሄዳለን። ዲስኩን ይዘሽ ነይ። ሄዱ። ከድርን አላገኙትም፤ ነገ ግን ያገኙታል።

ስለዚህ ነገ እኔም ውሸታም ነኝ።

ተመልሼ ስገባ አባባ ነጭ ልብሳቸውን እያጠፉ ናቸው። ነገ ተነስቼ እኔ ነኝ እላለሁ አሉኝ፣ ስለ ገበያ እንደሚያወሩ ሁሉ። ሸጥኩት እላለሁ፤ ያልቃል። አንቺም ታርፊያለሽ። ውሸት በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በእመቤታችን ቀን? አልኩ። ውሸት አይደለም፣ ነግሬሻለሁ አሉ።

አራቱንም በር ዞርኩት ደብተሬ። ባጠፋው፦ አባቴ ሌባ ሆነው እስር ቤት ይገባሉ። ባሰማው፦ ያባቴን ቃል ሰብሬ አባት አይኖረኝም። ዝም ብል፦ ከድር ይናገራል፣ ያውም በእኔ ውሸት ላይ። ልሽሽ ብል፦ መንገዱ ዝግ ነው።

ቃል የገቡት እርሳቸው ናቸው። እኔ ቃል አልገባሁም። የኔታ ደግሞ ለከፈተው ሰው አደራ ብለዋል፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ወደ ላብ ልሄድ ነው። ድምፁን በፍላሽ እወስደዋለሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 21። ከቀኑ 11 ሰዓት

ተመልሰናል። እግሬ አብጧል። እስኪ በቅደም ተከተል።

አባባ ገና ሳይነጋ ወጡ። እኔና ከድር ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተን ተከተልን፤ እሱ የት/ቤቱን ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ስንደርስ ቅዳሴ ወጥቷል። ሕዝቡ ከደጀ ሰላሙ ፊት ሣሩ ላይ ተቀምጧል። አባባ ከፊት፣ ብቻቸውን።

አቶ ይመር መጀመሪያ የጠሩት ከድርን ነው። ከቅጥሩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ዲስኩ ተከፍቷል አልተከፈተም? ተከፍቷል አላቸው። አንድ ቃል። አቶ ይመር ወደ እኔ ዞሩ። አባባም ዞሩ።

ተነሳሁ። ሴት በዚያ ጉባኤ ስትናገር አይቼ አላውቅም። ትናንት ዋሽቻለሁ አልኩ። የዋሸሁት አባቴ ያገኘሁት ድምፅ እንዲጠፋ ስላዘዙኝ ነው። እንዲጠፋ ያዘዙት ደግሞ ጥፋተኛ ስለሆኑ አይደለም። ሌላ የምናገረው የለኝም፤ የሚናገሩት የኔታ ናቸው።

አባባ ብድግ አሉ። ሊናገሩ መስሎኝ ነበር። ሕዝቡን ሰንጥቀው፣ በከድር አጠገብ አልፈው፣ ከቅጥሩ ወጡ። ጋቢያቸው ጆሯቸው ላይ ተጠምጥሟል።

ፍላሹን ድምፅ ማጉያው ላይ ሰካሁ።

«ይሄ ይሰማል? ይስማ።»

ደብተሬ፣ ሕዝቡ ተነሳ። ማንም ተነሱ አላለም። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሁሉም፣ የኔታ ራሳቸው በደጁ የገቡ ይመስል ቆመ። ቆመውም ሰሙ፣ እስከ መጨረሻው። ስም ሲጠራ ከአሥራ አንዱ ሦስቱ እዚያው ነበሩ። ቄስ ናቸው ሦስቱም፤ አንዱ የአባባን እገዳ የፈረሙ ናቸው። ምን በልተው እንደተረፉ እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር። እኚያ ቄስ መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ፤ ለመነሳት ሰው ደገፋቸው።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሽሽም። ከኋላ አንዱ መጽሐፉ የደብሩ ነው፣ ማን ፈቀደላቸው አለ። ሌላው ያንተ አባት በምን የተረፈ ይመስልሃል አለው። ሊጣሉ ሆነ። ወንጌሉ አሁንም የለም፤ ጉዳዩ በደብዳቤ ለበላይ አካል ይጻፋል ተባለ። ፖሊስ የሚለው ግን ከማንም አፍ አልወጣም። የየኔታ መቃብር ላይም ማንም አልተፋም። ስወጣ ሰዎቹ እንደ ወትሮው እየተሳለሙት ነው ያለፉት።

አቶ ይመር ቁልፉን ይዘው ወደ ውጭ ወጡ። አባባ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ይቅር ይበሉን፣ እንኩ አሏቸው። አባባ አልተቀበሉም። ለሌላ ስጡት፣ እኔ ደክሞኛል አሉ። ግድ ቢሏቸውም እጃቸውን ከጋቢው አላወጡም።

መንገድ ላይ እርሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሁለት ሰዓት ተኩል። ከድር መሃል ላይ እየሄደ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል፤ ኋላ እሱም ተወው። አባት የለኝም እያልኩ ነው የሄድኩት። ላለመጸጸት ሞከርኩ። ጸጸት አይደለም የሚሰማኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

አሁን ውስጥ ናቸው። ውኃ ሞቅ አድርጌ እግራቸውን ላጥብ ጎንበስ ስል አልከለከሉኝም። ጣቶቻቸው ደም ቋጥረዋል። ግማሽ እንደደረስኩ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ፦

«ስማችንን ጠሩ አሉ?»

አዎ፣ ከነአባታችሁ አልኩ።

«እኔን ስንተኛ ላይ?»

ሰባተኛ አልኩ።

ቆጠሩ መሰለኝ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ላቡ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው አሉኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል አልኳቸው።

ነገ አብረን እንሄዳለን።